ለአምባ ጊዮርጊስ የተላኩ መስታወቶች

ጎንደር፣ አራዳ
ጥቅምት 18 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን፣

ጉልበትህ እንዴት ከርሟል? እኔ ደረጃ ስወጣ ከሚያለከልከኝ በቀር ደህና ነኝ። ስልኩ ከተቋረጠ ወዲህ ድምፅህ ናፍቆኛል። ሹፌሩ ሐምዛ በአይሱዙው ዘይትና ሳሙና ጭኖ ወደ እናንተ ባይወጣ፣ ድንችና ገብስ ጭኖ ባይመለስ ኖሮ፣ ሞተሃል ብዬ ተዝካርህን አወጣልህ ነበር።

ለጠየቅኸኝ መልስ፦ አዎ፣ ትርፍ መስታወት አለኝ። ጉባኤ ቤቱ ጨለማ ሆኖ ተማሪዎችህ ብራናውን በአፍንጫቸው የሚያነቡት ከሆነ መላ አይጠፋም። ትዝ ይልህ እንደሆነ፣ አንተ ስለ ባሕረ ሐሳብ ልታስረዳን ወደ ትምህርት ቤታችን የመጣህ ቀን፣ እኔ የላብራቶሪ ሠራተኛው ቴሌስኮፕ ላሳይህ ወደ ሜዳ ያወጣሁህ ጊዜ፣ የሥነ ፈለክ ክበባችን ስድስት ጎድጓዳ መስታወቶች ነበሩት። ክበቡ ሲፈርስ አንዱን በጽድ እንጨት ቱቦ ገጥሜ ቴሌስኮፕ አድርጌ ሰጠሁህ። የቀሩት አምስቱ በጥጥ ተጠቅልለው በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ከእኔ ጋር ጡረታ ወጡ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ምሽቱ አልገፋ ሲለኝ ለራሴም አንድ ቴሌስኮፕ ልሥራ ብዬ ቆርቆሮውን ከፈትሁ። ቱቦው የዝናብ ውሃ መውረጃ ነው። ትንሿን ሰያፍ መስታወት ከተጣለ የፎቶኮፒ ማሽን ሆድ አወጣኋት። እህቴ እቴነሽ ከወለቃ መጥታ ስታየኝ «ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ ወተቷስ መቼ ነው የሚታለበው?» ብላ ስትስቅብኝ ዋለች። ይሳቅ ግድ የለም። ቤቴ ውስጥ የሰው ሳቅ ከተሰማ ቆይቷል።

ችግሩ ዋናው መስታወት ላይ ነው። ጁፒተርን ስይዝበት ዙሪያውን ቀስተ ደመና የመሰለ ቀለበት ያጠልቅለታል። ጁፒተር እንዲህ ያለ ቀለበት የለውም፤ ከሳተርን ተበድሮ ካልሆነ። ቅቡ አርጅቶ መሆን አለበት። ለኮከብ ያልሆነ ለብራና ይሁን ብዬ ላክሁልህ። መስኮቱ አጠገብ አቁመህ ፀሐይዋን ወደ ውስጥ ወርውርበት።

አንድ አደራ አለኝ። የቤት መስታወት ቅቡ ከጀርባ ነው፣ የዚህ ግን ከፊት ነው። በጨርቅ ከጠረግኸው ይላጣል። ባለቤትህ ወይዘሮ ወለተ ሩፋኤልም በነጠላዋ ጫፍ እንዳትደርስበት ንገርልኝ።

ወንድምህ አንዳርጋቸው


አምባ ጊዮርጊስ
በኅዳር ሚካኤል ማግስት፣ 2016

ሰላም ለከ፣ አንዳርጋቸው እኁየ፣

መስታወቱ በደህና ደረሰ። ሐምዛ ረዳቱን ከኋላ አስቀምጦ መስታወቱን ከጎኑ አስቀምጦታል አሉ፤ እንግዲህ ክብሩን ተመልከት።

እንዴት ሆነለት ሳትል አትቀርምና ልንገርህ። መጀመሪያ ቀን መስኮቱ ሥር አቆምነው፤ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ሲፈስ ተማሪዎቹ እልል አሉ። ጥቂት እንደቆየን አንድ ነገር ሸተተኝ። ለካ ብርሃኑ ተሰብስቦ የአንዱን ተማሪ ደበሎ እያጨሰ ኖሯል። ልጁ ቅኔ እየቆጠረ ስለነበር አልሰማውም። ብርሃን ለምነን እሳት ተሰጠን። አሁን ርቀቱን አስተካክለን፣ ከፊቱ ስስ ነጭ ጨርቅ ጋርደን፣ ሰላም ሆኗል። ወለተ ሩፋኤል ደግሞ ከሩቅ ቆማ አየችበትና «ምነው፣ ይኼን የመሰለ ሸጋ መስታወት ራሴን ወደ ታች አድርጎ አንጠለጠለኝ» ብላ አማተበች። አልነካችውም፤ አደራህ ተጠብቋል።

አሁን አትቆጣኝ። የጨሰው ደበሎ ነገር አሳሰበኝ። ብርሃኑን እንዲያ በአንድ ነጥብ የሚሰበስብ መስታወት እንዴት መጥፎ ይሆናል አልሁና፣ አንድ ምሽት የራሴን አውጥቼ ያንተን በጽዱ ቱቦ ውስጥ አገባሁት። ጁፒተርን አየሁት። ቀለበት የለውም። አራቱ ጨረቃዎቹ በመርፌ የተወጉ ይመስል ጥርት ብለው ተሰልፈዋል። ደጋግሜ አየሁ። መስታወቱ ደህና ነው፣ ወንድሜ። እንዲያውም ከእኔው ይሻላል። መልሼ ልላክልህ?

ጉልበቴ እንዳለ ነው። ጤና ጣቢያ እየሄድሁ ቅባት ይሰጡኛል፤ እኔም እቀባለሁ፣ እሱም ያመኛል።

ገብረ ኪዳን


ጎንደር
ታኅሣሥ 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣

አትላከው። አንተ ደግ ሰው ነህ፤ ደግ ሰው ደግሞ ለመስታወት ምርመራ አይሆንም። ጥፋት ለማየት ክፉ ዓይን ያስፈልጋል። ዕድሜ ልክህን በተማሪ ስሕተት ላይ ስትቆጣ ኖረህ ለእኔ መስታወት ሲሆን ራራህ? ወይም የእናንተ የደጋ አየር ንጹሕ ነው፣ የመስታወቱን ነውር ይሸፍናል። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ።

ለማንኛውም ሁለተኛውን ገጠምሁ። አታምነኝም፣ ያው ቀለበት። ጁፒተር ላይም፣ ከሱ በታች ባለው ብሩህ ኮከብ ላይም። ከውጭ አረንጓዴና ቀይ፣ ከውስጥ ጭጋግ። በአንድ ቆርቆሮ ስለኖሩ አንዱ ያንዱን በሽታ ወርሶ ይሆናል። የጡረተኛ ነገር ያው ነው።

«በቃ ተወው» ትለኝ ይሆናል። እንዴት ልተወው? ቀን ቀን ሰው አለ። ፖስታ ቤት ደጃፍ እቀመጣለሁ፣ ካርታ የሚጫወቱትን አያለሁ፣ የማላውቀውን ሰው ቀብር እሸኛለሁ። ሲመሽ ግን ሁሉም ወደ ቤቱ ይገባል፣ እኔም ወደ ባዶ ቤቴ እገባለሁ። ጣራው ላይ ያቺን ቱቦ ይዤ ስወጣ ብቻ ነው የምጠብቀው ነገር ያለኝ። እሷም እንዲህ ካሾፈችብኝ ምን ይቀረኛል?

ብርዱ ግን አልተስማማኝም። ከወጣሁ በኋላ ቀኝ ቅንድቤ ላይ ራስ ምታት ይቀመጥብኛል፤ ሲነጋ ይለቀኛል። ሁለተኛውን መስታወት ልኬልሃለሁ። ሌላ ጨለማ ቤት አይጠፋምና አብራበት።

አንዳርጋቸው


አምባ ጊዮርጊስ
ታኅሣሥ 24 ቀን 2016

ለአንዳርጋቸው፣

ሁለተኛው ደርሷል። ስለ እሱ ቆይቼ እጽፍልሃለሁ፤ የገና ጾም ነው፣ ሥራ በዝቶብኛል፣ ይቅር በለኝ።

እንዲያው ለማወቅ ያህል ጥቂት ልጠይቅህ። ቴሌስኮፑን ትተህ በባዶ ዓይንህ የመንገድ መብራት ስታይ ቀለበቱ አለ? ሻማስ? በግራ ዓይንህ ብቻ ስታይና በቀኝህ ብቻ ስታይ ልዩነት አለው? ራስ ምታቱ የሚመጣው ቀለበቱ በሚታይበት ምሽት ነው ወይስ በሌላም ጊዜ?

ሌላ ምክንያት የለኝም። ሽማግሌ ስሆን ጥያቄ አበዛሁ በለው።

እንኳን ለብርሃነ ልደቱ በሰላም ያድርስህ።

ገብረ ኪዳን


ጎንደር
ጥር 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ፣

አንተም እንኳን አደረሰህ። የጠየቅኸኝ የሐኪም ጥያቄ ነው፤ ከጤና ጣቢያው ቅባት ጋር ሙያውንም ሰጡህ መሰለኝ። ግን ሥራ ፈት ነኝና ልመልስልህ።

አዎ፣ የአራዳ መንገድ መብራትም ቀለበት አለው። በጋ ነው፣ አቧራ ነው፣ የባጃጁም ጭስ አለ። ሻማም አለው፤ የሻማ ጭስ መሆኑ ነው። በቀኝ ይብሳል፤ በቀኝ ዓይኔ ስለማይ ደክሟት ይሆናል። ራስ ምታቱ የሚመጣው ቀለበቱ ባለበት ምሽት ነው፣ ምክንያቱም ያን ምሽት ነው ብርድ ላይ የምቀመጠው። አየህ፣ ለሁሉም መልስ አለው።

ዛሬ የምስቅበትም አገኘሁ። የራሴ በር መቃን በቀኝ በኩል ግንባሬን ፈነከተኝ። ሠላሳ ዓመት የወጣሁበት የገባሁበት በር! ማዶ ያለችው ባለሱቅ ሰክሬ መስሏት ቡና አፈላችልኝ። በዚህ ዕድሜዬ ሰካራም መባሌን ጠላሁት፣ ቡናውን ግን ወደድሁት።

ሦስተኛው መስታወትም ከሁለቱ አልተሻለም። ልኬዋለሁ። ሦስቱንም አይተህ እውነቱን ቁርጥ አድርገህ ጻፍልኝ። እኔ በራሴ ዓይን ላይ ያንተን ዓይን መጨመር እፈልጋለሁ። መስታወቶቹ መጥፎ ናቸው ወይስ አይደሉም? ደህና ናቸው ካልህ የምይዘውን አጣለሁ፤ መጥፎ ናቸው ካልህ አራተኛውን ራሴ ሞርጄ አስተካክለዋለሁ።

አንዳርጋቸው


አምባ ጊዮርጊስ
ጥር 28 ቀን 2016

ወንድሜ አንዳርጋቸው፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። ሐምዛ ሁለት ጊዜ ያለ ደብዳቤ እንዲመለስ ያደረግሁት እኔ ነኝ። ብዕር አንሥቼ መልሼ አስቀመጥሁ።

ሦስቱንም አየሁ። ልክ ነህ። መጥፎ ናቸው። ያልኸው ቀለበት አለ። መጀመሪያ አላስተዋልሁትም ነበር። አንተ እንዳልኸው ለዚህ ሥራ ዓይኔ ለዘብተኛ ነው። ስለዚህ በራስህ አትዘን፣ አትጨነቅ። አሁን ከጭነትና ከሹፌር በቀር አያሳልፉም፤ መንገዱ ለተሳፋሪ እንደተከፈተ ወደ ጎንደር እወርዳለሁ፤ ጉልበቴ በእግር አያደርሰኝ እንጂ ዛሬውኑ እመጣ ነበር። ፊት ለፊት ተቀምጠን የምናወራው ነገር አለኝ።

እዚህ ያለውን ወሬ ልንገርህ። ጎረቤታችን የነበረችው ባልቴት ልጇ መተማ ሞተባት። ወሬው ለእኛ ቀድሞ ደረሰ። ወንድሞቿ ከደባርቅ እስኪመጡ ድረስ መንደርተኛው ሁሉ አፉን ይዞ ከረመ። ገበያ ስታገኘን እየሳቅን ጤና ይስጥልኝ አልናት፤ «ልጄ ለፋሲካ ይመጣል» ስትለን «ያምጣልሽ» አልናት። ከዚያ ወንድሞቿ ደረሱ፣ አንድ ማለዳ ወፍ ሳይንጫጫ ተሰብስበን ሄደን አረዳናት። ስትወድቅ የያዟት እጆች ብዙ ነበሩ።

መርዶ እንዲህ ነው የሚነገር። ሰው ባለበት፣ የሚደግፍ ክንድ ባለበት ነው። በወረቀት አይላክም፣ በሹፌር አይላክም። ብቻውን በሚኖር ሰው ደጃፍ ተጥሎ አይኬድም። የእኔ መምህር ዓይናቸው የጠፋ ጊዜ እንኳ እኛ ደቀ መዛሙርቱ ከጎናቸው ነበርን፣ እጃቸውን ይዘን ነበር።

ይህን ሁሉ ለምን እንደጻፍሁልህ አላውቅም። ማምሻውን ብርድ ላይ አትቀመጥ።

ገብረ ኪዳን


ጎንደር
የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

መሪጌታ የእኔ ጌታ፣

ተመስገን! ደብዳቤህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። አንተም አየኸው! ለካ ብቻዬን አላበድሁም። ስንት ምሽት ራሴን ስጠራጠር እንደከረምሁ ብታውቅ። አልጻፍሁልህም እንጂ፣ አንድ ቀንማ ጥፋቱ ከእኔ ከራሴ ይሆን ወይ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ አድሬያለሁ።

እቴነሽም እንደዚያው ብላኝ ነበር። ያን ግንባሬን የተፈነከትሁትን አይታ፣ ሻይ ስቀዳ ከብርጭቆው ውጭ ማፍሰሴን አይታ፣ ሄዳ የዓይን ሐኪም ቀጠሮ አስያዘችልኝ። ላለፈው ሰኞ ነበር። ያንተ ደብዳቤ ደረሰኝና «መሪጌታ ሦስቱንም መርምሮ አረጋግጧል፣ ጥፋቱ የመስታወቱ ነው» ብዬ አነበብሁላት። ቀጠሮውን ተውሁት። ኩርፍ ብላ ወደ ወለቃ ሄደች። ትመለሳለች፤ የት ትደርሳለች።

አሁን አራተኛውን ይዣለሁ። ሬንጅ አቅልጬ ማለስለሻ ሠራሁ፣ መስታወት የሚወለወልበት ቀይ ዱቄትም ከድሮው ላብራቶሪ የተረፈኝ አለ። አሮጌውን ቅብ አንሥቼ መስታወቱን ራሱን እየሞረድሁ ነው። ቀን ከሌት እሠራለሁ፣ ለዚህ ሥራ መብራት አያስፈልግም፣ እጅ ነው የሚያየው። ስንት ዓመቴ ነው እንዲህ ደስ ብሎኝ ከሠራሁ! አንዲት ነገር በሕይወቴ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ሠርቼ፣ በእሷ አንድ ጥርት ያለ ኮከብ ካየሁ፣ ሌላ አልፈልግም።

ጽሕፈቴ ተልቆ መስመር ከሳተብህ ታገሠኝ። አምፖሉ ደክሟል።

የምታወራኝ ነገር ምንድን ነው? ልታስታርቀኝ ነው እንዳትል፣ ከማንም አልተጣላሁም። ሚስት አግኝተህልኝ ከሆነ ግን በደብዳቤም ቢሆን ንገረኝ።

አንዳርጋቸው


አምባ ጊዮርጊስ
መጋቢት 9 ቀን 2016

አንዳርጋቸው፣ ይህን ደብዳቤ ስታገኝ ቆመህ አትጨርሰው፣ ወደ ሐኪም እየሄድህ አንብበው።

መስታወቶቹ ደህና ናቸው። ሦስቱም። ቀለበት የለም፣ ኖሮም አያውቅም። በጥር የጻፍሁልህ ውሸት ነው። ጥፋቱ ያለው ዓይንህ ላይ ነው።

ያወቅሁት ገና ሁለተኛውን መስታወት በጽዱ ቱቦ ባየሁበት ምሽት ነው። የዓይን ሞራ ነው፣ ወይም እንደ መምህሬ የዕድሜ ዕውርነት ነው፣ መምጣቱ አይቀርም ብዬ አሰብሁ። ለአንተ ደግሞ ዓይንህ ማለት ሰማይህ ነው፤ ሰማዩ ሞተብህ ብዬ በአንድ ወረቀት እንዴት ልላክልህ? ለእቴነሽ እንኳ አልጻፍሁላትም። መንገዱ ይከፈት፣ ሄጄ፣ አጠገቡ ተቀምጬ፣ እጁን ይዤ እነግረዋለሁ አልሁ። መርዶ ነው ብዬ ያዝሁት።

ትናንት ለጉልበቴ ጤና ጣቢያ ሄጄ ዓይናለም ለምትባለው ነርስ አንድ ወዳጅ አለኝ ብዬ የመብራቱን ቀለበት፣ የቅንድቡን ሕመም፣ የበሩን መቃን ነገርኋት። ልጅቷ ቅባቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የኔታ፣ ይኼ ሞራ አይደለም፣ የዓይን ግፊት ነው። ሞራ ይጠብቃል፣ ይኼ አይጠብቅም። ቶሎ የደረሰ ሰው ይድናል። ወዳጅዎ መቼ ነው የጀመረው?» አለችኝ። ጥቅምት አልኋት። ከዚያ በኋላ ያየችኝን አስተያየት አልጽፍልህም።

በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም እንላለን። የሰውን በሽታ የሸሸገስ? ሞት አልነበረም፣ አንዳርጋቸው። እኔ ግን ቀብሬህ መንገድ እስኪከፈት እጠብቅ ነበር። አንተ ደግሞ የተያዘልህን ቀጠሮ በእኔ ቃል ተውኸው።

ሐምዛ ከእንግዲህ አልንቀሳቀስም ብሏል፤ መንገዱ ጭራሽ ተዘግቷል። ይህን በእግር ለሚወርዱ ነጋዴዎች ሰጥቻለሁ፤ መቼ እንደሚደርስህ አላውቅም። እባክህ ሂድ። ለእኔ መልስ አትጻፍ፣ መጀመሪያ ሂድ።

ገብረ ኪዳን


ጎንደር
ሚያዝያ 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለመሪጌታ ገብረ ኪዳን፣

ይህን የምጽፈው እቴነሽ ነኝ፤ ቃሉ የወንድሜ ነው። እሱ እየተናገረ እኔ እጽፋለሁ። «እርስዎ» እያልሽ ጻፊ ስላለኝ ነው እንጂ እናንተ አንተ ለአንተ መሆናችሁን አውቃለሁ።

ደብዳቤዎ የደረሰን በዚህ ወር መባቻ ነው። ራሴ ማንበብ ስላልቻልሁ እቴነሽ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበችልኝ፤ የተዋሸሁትን በእህቴ አፍ ሰማሁ። በማግሥቱ ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቀኙ ጨርሷል። ግራውን በጨረር በስተውልኝ ጠብታ እየጨመርሁ ነው፤ በቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ሰው መሃል መሃሉን አያለሁ። በየካቲት ብመጣ ኖሮ ቀኙም ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነው፣ ጠብታውን እንዴት እንደምጨምር ያሳየኝ ጀመር።

መርዶ ነው ብለው ያዙት። መሪጌታ፣ እርስዎ የተማሩ ሰው ነዎት። መርዶ የሚነገረው ለሟቹ አይደለም፤ ለቤተሰቡ ነው። እርስዎ ሟቹን ራሱን ሸሽገው ለማን ሊያረዱ ነበር? ሳልሞት ለቅሶ ተቀመጡብኝ። እኔ በየምሽቱ ጣራ ላይ ቁጭ ብዬ የእርስዎን ደብዳቤ ስጠብቅ፣ እርስዎ የእኔን ሬሳ ይጠብቁ ነበር።

ዓይኔን እርስዎ አልወሰዱትም፣ በሽታው ነው የወሰደው። የወሰዱብኝ ሌላ ነው። የራሴን ዓይን ስጠራጠር የእርስዎን ዓይን ተበደርሁ። አሁን የእኔም የለኝ፣ የእርስዎንም ማመን አልቻልሁ። ብቸኝነት ምን እንደሆነ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አላውቅም።

አራተኛውን መስታወት ላክሁ። በየካቲትና በመጋቢት በእጄ የሞረድሁት ነው። እኔ ልመረምረው አልችልም። በጽዱ ቱቦ ይዩትና ምን እንደሆነ ይጻፉ። ሌላ ይቅርታ፣ ሌላ ማጽናኛ አልፈልግም።

አንዳርጋቸው

የኔታ፣ ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው፣ እሱ አላወቀም። እግዚአብሔር ያሳይዎ፣ መስታወቱ ደህና ነው ይበሉት። ምግብ አይበላም፣ ከሰው አይነጋገርም። ቀን ቀን እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ ይቀመጣል። «እጄ ቢያንስ ሠርታለች» ይላል፣ ሌላ አይልም። ይቺ ብቻ ናት የቀረችው። ደብዳቤዎን የማነብለት እኔ ነኝ። በዓይንዎ አምላክ ይዤዎታለሁ፣ አንድ ቃል ነው። እቴነሽ።


አምባ ጊዮርጊስ
ግንቦት 20 ቀን 2016

እህቴ እቴነሽ፣

ይህን ደብዳቤ ከዚህ መስመር ጀምረሽ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ፣ አንድ ቃል ሳታስቀሪ አንብቢለት። በግርጌ የለመንሽኝን አልቻልሁም። ስለምትወጂው እንደለመንሽኝ አውቃለሁ፤ እኔም በጥር ስለምወደው ነበር።

አንዳርጋቸው፣

እርስዎ ብትለኝም እኔ አንተ እልሃለሁ። ሌላውን ሁሉ ተገቢዬ ነው ብዬ ተቀብያለሁ፣ ይህን ግን አልቻልሁበትም።

መስታወቱ ሳይሰነጠቅ ደረሰ። መንገዱ ጥቂት ቀን ተከፍቶ ሐምዛ ነው ያመጣው። ወዲያው ልጽፍልህ አልቻልሁም፤ ደመናው አላሳይ ብሎኝ ነበር። ጁፒተር በዚህ ወር ከፀሐይ ጋር ስለሆነ፣ ሲመሽ ከአናታችን በላይ በሚወጣው በዚያ ዳማ ብሩህ ኮከብ ነው የመረመርሁት። በተገለጠ ቁጥር አየሁት። የማይበትን ሌንስ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም እየገፋሁ አየሁት።

ኮከቡ ነጥብ አልሆነም። የቱ ጋ እንደምይዘው ጠፋኝ። መሃሉ ላይ ሌላ ብርሃን አለ፣ ከዳር ደግሞ ሌላ ብርሃን ይፈሳል፣ አንዱ ሲሰበሰብ ሌላው ይበተናል። ቅቡ ስለተነሣ ደብዛዛ ነው፤ እሱ ከመስታወቱ ጥፋት አይደለም፣ እሱን ለይቼ አውቃለሁ። ከዚያ የላክህልኝን ሁለተኛውን መስታወት እዚያው ቱቦ ውስጥ ከተትሁት፤ ያው ኮከብ ቁጭ አለ፣ ነጥብ ሆነ። የእኔም ዓይን ታምሞ ይሆን ብዬ ዓይናለምን ከጤና ጣቢያ አስጠራኋት። ምን እንደማይ ሳልነግራት በሁለቱም አየች። በሁለተኛው «ኮከብ ነው» አለች። ባንተው ላይ ብዙ ቆየች፤ «የኔታ፣ ይኼ ደግሞ የፈሰሰ እንቁላል ነው» አለች።

ይህን ከመጻፌ በፊት ወለተ ሩፋኤል ወረቀቱን ከእጄ ልትወስድ ነበር። «ምነው፣ የታመመን ሰው እንዲህ ይሉታል?» አለችኝ። የእሷንና የእቴነሽን ሰምቼ፣ እንደ ድሮዬ ብሆን፣ አንድ ቀላል ቃል ጽፌ፣ አንተም አንድ ሳምንት ደስ ብሎህ፣ ከዚያ ውስጥህ ሲጠራጠር፣ የምትጠይቀው ሰው በዓለም ላይ አይኖርም ነበር። በጥር የሆነው ይኸው ነው።

ስለዚህ ስማኝ። መስታወቱ መጥፎ ነው። መሃሉን ከመጠን በላይ ቦርቡረኸዋል፣ ዳሩ ወድቋል። እጅህ እንደምታይ ነግረኸኝ ነበር፤ አላየችም። ለኮከብ አይሆንም፣ ብርሃኑን ስለሚበትን ለብራናም አይሆንም። በዚህ ሥራ ካየሁት ሁሉ የከፋው ይህ ነው። አምስተኛውን እንዳትነካው።

ወንድምህ
ገብረ ኪዳን